የላኪው ስም

አንድ ሰው ዘር ይሸጥ ነበር። «ወንድሜ በሬዎቹን ሸጦ በረሃ ሊወርድ ነው፤ ብመክረው ብመክረው ምክሬ ለምን አይደርሰውም?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው የምነግርህ። እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ሰውየው የሚሸጠው የሽንኩርት ዘር ነበር። የሽንኩርት ዘር እንደ ስንዴ አይደለም። ዓመት ካለፈው የሞተ ነው፤ መልኩ ግን ያው ጥቁር ስለሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የአምናውን ከዘንድሮው ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል። ይህ ሰው እንደዚያ አልነበረም። ከየከረጢቱ ጥቂት ይቆነጥርና በእርጥብ ጨርቅ ቋጥሮ ምድጃው አጠገብ ያስቀምጣል። ቡቃያ ካላየ አይሸጥም። ያልበቀለውን ለማንም ሳይናገር እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። ሐቀኛ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ኋላ እንዳትሳሳት ነው፤ ጉድለቱ ዘሩ ላይ አልነበረም።

ገዢዎቹ ሩቅ ናቸው። ከአንድ ገደል ሥር ወንዝ ጠልፈው በመስኖ የሚያለሙ የቆላ ሰዎች ናቸው። ከተማ ብዙ አይወጡም። አንዱ ለጉዳይ ሲወጣ የጎረቤቶቹን ትእዛዝ ይዞ ይመጣል፤ «ለእገሌ ይህን ያህል፥ ለእገሊት ይህን ያህል» ይላል። ነጋዴው ዘሩን በላስቲክ ይጠቀልላል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ይከተዋል፤ አፉን በጆንያ መርፌ ይሰፋና በአውቶቡስ ይልከዋል።

አውቶቡሱ ከገደሉ ሥር ሲደርስ ሞተሩን አያጠፋም። ረዳቱ በመሰላሉ ጣሪያ ላይ ይወጣና ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ስም እየጮኸ ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው መጥቶ ይቀበላል። ያልተጠራ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስልክ እንዳትለኝ፤ እዚያ ገደል ሥር ስልክ አይሠራም።

በፊት ነጋዴው አድራሻውን የሚጽፈው በእጁ ነበር። ከካርቶን ይቆርጥና በወፍራም እስክሪብቶ የተቀባዩን ስም ይጽፍበታል፤ የራሱን ከጥግ ጣል ያደርጋል። ከዚያ ካርቶኑን ከረጢቱ ላይ በሲባጎ ያስረዋል። አያምርም ነበር። ዘሩ ግን ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን ይኸው ነጋዴ ለቅሶ ሊደርስ በዚያ መንገድ ሲሄድ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆመ። ረዳቱ ይጠራል፤ ሰው ይነሣል፤ ከረጢት ይወርዳል። ከረጢቶቹ ሁሉ ይህ ሰው የሰፋቸው ናቸው። ተቀባዮቹ ግን ረዳቱን ነው የሚመርቁት። ነጋዴው ይህን በመስኮት ሲያይ አንድ ነገር ሆዱ ገባ። «የምለፋው እኔ፥ የሚጠራው ሌላ» አለ። ለቅሶው ቤት ደርሶ እንባውን ሲጠርግ እንኳ የሚያስበው ይህንኑ ነበር።

እንደ ተመለሰ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለች አንዲት ሴት ሄደ። ሴትየዋ ኮምፒውተርና ማተሚያ አስቀምጣ ማመልከቻም የሠርግ ጥሪም የምትሠራ ናት።

«ከረጢት ላይ የሚለጠፍ አድራሻ አትሚልኝ» አላት። «ከላይ የኔ ስም ይሁን። ከሩቅ የሚነበብ።»

ጻፈችለት። አየና «አሳድጊው» አላት። አሳደገችው። «ጨምሪ» አላት።

«ከዚህ በላይ ከጨመርሁ ወረቀቱ አለቀ፥ ጋሼ። የተቀባዩ ስም የት ሊገባ ነው?»

«ከታች አድርጊዋ።»

«ከታች የቀረው ጉንዳን የማያሳልፍ ቦታ ነው።»

«ይበቃዋል። ተቀባዩ እንደሆነ የራሱን ስም ያውቀዋል።»

ሣቀች እንጂ አልተከራከረችውም።

ማተሚያው አንድ በአንድ እየተፋ አወጣው። ነጭ ነው፥ ጀርባው ሙጫ አለው፥ ጠርዙ የተስተካከለ ነው። ከላይ «ድንበሩ ዋሴ» ይላል፤ ፊደሉ የበሬ ቀንድ ያህላል። ከሥሩ የሽንኩርት ሥዕል አለ። ከሥዕሉ በታች፥ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቅቆ፥ የተቀባዩ ስምና የአገሩ ስም ተጽፏል። ሰውየው ከረጢቶቹን በጨርቅ ጠረገ። ወረቀቱን እንዳይጨማደድ በመዳፉ እየዳበሰ ለጠፈ፤ ዝናብ እንዳያገኘውም በላዩ ላይ መስታወት የመሰለ ፕላስተር አሳለፈበት። ወንድ ልጁን ለጥምቀት የሚያለብስ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁሉንም አስጫነ።

ጥቅምት ነው፤ የችግኝ መደብ የሚዘራበት ወር።

ከረጢቶቹ ተመለሱ። የመናኸሪያው ጫኝ በጋሪ አምጥቶ ደጁ ላይ ዘረገፋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ነጋዴው።

«ዕቃህ ነዋ። የሚወስደው ጠፋ አሉ።»

ደግሞ ላካቸው። ደግሞ ተመለሱ።

ነጋዴው ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። «ንቀውኝ ነው» አለ። «ርካሽ የሞተ ዘር የሚሸጥላቸው አግኝተው ነው። እኔ በጨርቅ ቋጥሬ ሳበቅል የምከርመው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው?»

ሚስቱ ከረጢቶቹን ቆማ አየቻቸው። «ስምህ ግን ደኅና ሄዶ ደኅና ገባ» አለችው።

በማግሥቱ ከረጢቶቹን አስጭኖ ራሱ አብሮ ተሳፈረ። ቆላ ወርዶ ሰዎቹን ፊት ለፊት ሊያሳፍራቸው ነው። ለዚህ ብሎ ኮቱን ለብሷል፤ በዚያ ሙቀት። በዚያ መንገድ የሚያልፉት አውቶቡሶች ከሌላ ከተማ የሚመጡ ናቸውና ረዳቱም ሾፌሩም አያውቁትም።

ፌርማታው አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነው። ሰዎች አህዮቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጣና «ድንበሩ ዋሴ» ብሎ ጮኸ።

ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው። አልዋሽህም፥ ሰውየው የመጣበትን ረስቶ ደስ አለው።

«ድንበሩ ዋሴ» አለ ረዳቱ ሌላውን ከረጢት አንሥቶ። «ይሄም ድንበሩ ዋሴ። ይሄም። ኧረ ይሄ ሰውዬ የት ነው ያለው?»

ከግራሩ ሥር የተነሣ የለም። አንድ ሽማግሌ «ደግሞ መጣ?» ሲሉ ሌሎቹ ሣቁ።

ነጋዴው ከአውቶቡሱ ወረደ። «ምን ያስቃችኋል?» አላቸው።

«ያ ድንበሩ የሚሉት ሰው ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ዕቃው ይመጣል፥ እሱ አይመጣም። ሀብቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ሲዞር የሚከርም ሰው አይተን አናውቅም።»

«ሞቶ ይሆናላ» አለ አጠገባቸው ያለው።

«እንግዲያማ ነፍስ ይማር» አሉ ሽማግሌው።

አንዲት ባልቴት ግን አልሣቁም። ሽቅብ ወደ ረዳቱ አንጋጠው «የእንጉዳይ ታከለ የሚል የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም እናቴ። ሁሉም የድንበሩ ነው።»

«እንግዲህ ይሁን» አሉና ይዘው የመጡትን መጫኛ መጠቅለል ጀመሩ።

ነጋዴው ስሙን ያውቀዋል። ያችን ከረጢት የሰፋው በገዛ እጁ ነው። ጠጋ ብሎ «ምን ይጠብቁ ነበር፥ እናቴ?» አላቸው።

«የሽንኩርት ዘር። መደቤን ቆፍሬ፥ አለስልሼ፥ ፍግ አልብሼ ስጠብቅ ሰነበትሁ። ነገ ውኃ አባቱ ተራ ያወጣል።» ውኃ አባት ማለት የተጠለፈውን ውኃ ለየማሳው የሚያደላድል፥ አገር የመረጠው ሰው ነው። «መደቡን ያልዘራ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥበታል። ሕግ ነው፤ በሱ አልፈርድም። ብቻ ያለ ውኃ በጋውን በምን እወጣዋለሁ እላለሁ።»

«ዘሩን የሚልክልዎ ማነው?»

«ስሙን አላውቀው። ጎረቤቴ ነው ያዘዘልኝ። ዘሩ አያሳፍርም፥ እምነት ያለው ሰው ነው ብለውኝ ነበር።» መጫኛውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ሰው አይደል፤ ረስቶኝ ይሆናል።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ለስድብ መልስ ይዞ ነው የመጣው። «ድንበሩ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሷል። ይህን ብሎ፥ ስለ ዘሩ ጥራት አስረድቶ፥ ስለ ወረቀቱ ምክንያት ሊሰጥ ይችል ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ረዳቱ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ። ባልቴቲቱ አህያቸውን አዞሩ።

ሰውየው ኮቱን አወለቀ። ሽማግሌው እጅ ላይ ጣለውና መሰላሉን ወጣ።

«አንተ፥ ወዴት ነው?» አለ ረዳቱ።

«ቆይ።»

አንዱን ከረጢት አንሥቶ ዓይኑ ሥር አስጠጋው። ራሱ ያሳነሰው ስም ለራሱም አልነበብ አለው። ወረቀቱን በምራቁ ጠረገው፤ በሸሚዙ እጅጌ ወለወለው፤ ወደ ፀሐይ አዘነበለው። የሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውን አነሣ። የሌላ ሰው ነው። ቀጥሎ ያነሣው የሳቸው ነበር።

«እንጉዳይ ታከለ» ብሎ ተጣራ።

ባልቴቲቱ ጀርባቸውን ሰጥተው መንገድ ጀምረዋል።

«እንጉዳይ ታከለ» አለ እንደገና። የራሱን ስም በዚያ ድምፅ ማንም ጠርቶለት አያውቅም።

ዞሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔን ነው?» አሉ።

«እርስዎን ነው። ይምጡ፥ ዘርዎ መጥቷል።»

ከዚያ በኋላ ግራሩ ሥር የተቀመጠ አልቀረም። ሰውየው ከረጢት ያነሣል፤ ያብሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ እየከፈተ ያነብባል፤ ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሁሉ «አቤት» እያለ ይመጣል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፥ ደገመ፥ ሰለቸውና ተወው። ጣሪያው ላይ «ድንበሩ ዋሴ» የሚል አንድም ከረጢት አልቀረም።

ሰውየው በላብ ተነክሮ ወረደ። ሽማግሌው ኮቱን አራግፈው አቀበሉት። «ይሄኛው ረዳት ከፊተኛው ይሻላል» አሉ ለሰዎቻቸው።

ባልቴቲቱ ከረጢታቸውን ጭነው ሲያበቁ መጡ። «ስምህ ማነው ልጄ? ልመርቅህ።»

«ይሂዱ እናቴ፥ ውኃው እንዳያመልጥዎ» አላቸው።

ስሙን ሳያውቁ መርቀውት ሄዱ። አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ። ረዳቱ አጠገቡ ተቀምጦ ፊቱን እየጠረገ «ያ ድንበሩ የተባለውስ?» አለው።

«ዛሬ መጥቶ የራሱን ወሰደ» አለ ሰውየው።

ከተማ እንደ ገባ ቤቱ ሳይደርስ ወደ ማተሚያዋ ሴት ሄደ። «የተቀባዩን ስም ወደ ላይ አውጪው» አላት። «የበሬ ቀንድ ያህል ይሁን። የኔን ወደ ጥግ አድርጊው።»

«ከጥግስ ጭራሽ ላጥፋልህ?» አለች እየሣቀች።

«አታጥፊው። ዕቃው መንገድ ቢስት የሚመለስበት ቤት ያስፈልገዋል። የላኪ ስም የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።»

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ምክርህ ክፉ አይደለም። ዘሩ የሚበቅል ዘር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ወንድምህን ስትመክረው እዚያው በረቱ ውስጥ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። «እኔ ባንተ ዕድሜ» ብለህ ትጀምራለህ። «እኔ ባላግዝህ ኖሮ» ትላለህ። ስትጨርስም «እኔን ብትሰማ» ነው። እሱ ግራሩ ሥር እንደ ተቀመጡት ሰዎች ነው። የሚጠራው ያንተ ስም ስለሆነ አይነሣም። ምክርህ እንደ ተሰፋ፥ እንደ ተለጠፈ፥ ላኪው ቤት ተመልሶ ይዘረገፋል። ከዚያ «ናቀኝ» ብለህ እኔ ዘንድ ትመጣለህ።

የቀኝ በሬው ከሰኔ ጀምሮ እንደሚያነክስ ታውቃለህ? አታውቅም። በግራው በሬ ብቻ ማሳውን ማረስ አቅቶት ጥማድ ለመለመን ስንት ደጅ እንደ ጠናስ? ይህንንም አታውቅም። በሬ የሚሸጥ ሰው ሁሉ አገሩን የጠላ አይደለም።

ገበያው ቅዳሜ ነው፤ ጊዜ አለህ። ነገ በማለዳ ሂድ። ደጁ ስትደርስ ስሙን ጠርተህ ቁም። ስለ በሬው እግር ጠይቀው፤ እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ያንተን አፍ ዝጋ። የምትመክረው ከዚያ በኋላ ነው። ይሰማሃል። ስሙ ሲጠራ የማይነሣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።