ስቡ ኦቨኑን አልለቅም ያለ ዕለት

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ «የላም በረት» ግን አትበሉኝ፤ የዛሬው ከወጥ ቤት አያልፍም።

ትርንጎ የምትባል አንዲት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ከዓይን አፋርነቷ የተነሳ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ ሁለት ፌርማታ አልፋ ትወርዳለች። ይህች ሴት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ነገር ተመኘች፤ በገዛ ኦቨኗ አንድ ዳቦ መጋገር።

ምኞቷ ትንሽ ይምሰል እንጂ ጭንቋ ትልቅ ነበር። ባገባች በዓመቱ በጋዝ ኦቨኗ ዶሮ ልጥበስ ብላ ስቡ ፈሰሰ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችውና ዳግመኛ አላበራችውም። ከዚያ ወዲህ ኦቨኑ የመጥበሻና የፌስታል መጋዘን ሆነ። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ግን ከዳቦ ቤት ዳቦ ትገዛና በፎጣ ጠቅልላ፣ «እኔ የጋገርኩት ነው» እያለች ለአማቷ ለእማማ ደብሪቱ ትልካለች። ስምንት ዓመት ሙሉ! አሁን እማማ ደብሪቱ ደውለው፣ «ነገ እሑድ እመጣለሁ፤ አጋገርሽን በዓይኔ አይቼ ልማር» አሏት።

ትርንጎ ፌስታሉን አወጣች፣ መጥበሻውን አወጣች። ከሥር የጠቆረው ስብ እንደ አስፋልት ተነጥፏል።

«ስብ ሆይ፣ ኦቨኔን ልቀቅ» አለችው።

«ስምንት ዓመት የኖርኩበትን? የቀረኝ እኮ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። አልለቅም!»

ስቡ ኦቨን አይለቅ፣ ትርንጎ ዳቦ አትጋግር።

ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሽቦ ሄደች። «ሽቦ፣ ስቡን ፋቅልኝ።»

«ይሄን? ፀጉሬ ይርገፍልሽ? ሶዳ ካላገዘኝ አልፍቅም።»

ሽቦው ስብ አይፍቅ፣ ስቡ ኦቨን አይለቅ፣ ትርንጎ ዳቦ አትጋግር።

ወደ ሶዳው ሄደች። «ሶዳ፣ ሽቦውን አግዝልኝ።»

«ብቻዬን እኮ ዱቄት ነኝ። አቼቶ ካላስነሳኝ ምን አቅም አለኝ? ይሄንኑ ለስምንተኛ ክፍል ስታስተምሪ አልነበረም እንዴ? ወይስ ለፈተና ብቻ ነው?»

ትርንጎ አፈረች። ሶዳው ሽቦ አያግዝ፣ ሽቦው ስብ አይፍቅ፣ ስቡ ኦቨን አይለቅ፣ ትርንጎ ዳቦ አትጋግር።

ከቁም ሳጥኑ ጥግ የአቼቶውን ጠርሙስ አወጣች። «አቼቶ፣ ሶዳውን አስነሳልኝ።»

«በየት ወጥቼ? ክዳኔ ከተጣበቀ ዘመን የለውም። ፍል ውሃ ይፍታልኝ።»

አቼቶው ሶዳ አያስነሳ፣ ሶዳው ሽቦ አያግዝ፣ ሽቦው ስብ አይፍቅ፣ ስቡ ኦቨን አይለቅ፣ ትርንጎ ዳቦ አትጋግር።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ውሃ ለመነችው። «ውሃ፣ የአቼቶውን ክዳን ፍታልኝ።»

«ፈላሁ አልኩሽ? ብርድ እያንቀጠቀጠኝ ነው። ሲሊንደሩን ንገሪው፣ ያሙቀኝ።»

ሲሊንደሩ ትናንት ተቀይሮ የመጣ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። «ሲሊንደር፣ ውሃውን አሙቅልኝ።»

«የእኔን ቁልፍ በእነዚያ የጠመኔ ጣቶችሽ? ጡንቻ ያለው ሰው አምጪ!»

ሲሊንደሩ ውሃ አያሞቅ፣ ውሃው ክዳን አይፈታ፣ አቼቶው ሶዳ አያስነሳ፣ ሶዳው ሽቦ አያግዝ፣ ሽቦው ስብ አይፍቅ፣ ስቡ ኦቨን አይለቅ፣ ትርንጎ ዳቦ አትጋግር።

ጡንቻ ያለው ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል። ባሏ ልሳነወርቅ ነው። «ልሳኔ፣ ሲሊንደሩን ክፈትልኝ።»

«ትርንጎዬ፣ በሞቴ! እማዬ ‹ሚስትህ ልትጋግር ስትነሳ ወጥ ቤት ድርሽ እንዳትል፤ ሙያ ዓይን አይወድም› ብላኛለች። ስምንት ዓመት አክብሬያለሁ። እሷ ካላዘዘችኝ አልነሳም።»

ከእናቱ ትእዛዝ ሁሉ ያከበረው ይሄን የሚያስተኛውን ብቻ ነበር። ትርንጎ ምን ታድርግ? ስልክ አነሳች።

«እማማ፣ ልጅዎን ‹ሲሊንደር ክፈት› ይበሉልኝ።»

«አልልም! የስምንት ዓመት ጋጋሪ እንዴት ሲሊንደር መክፈት ያቅታታል? አንቺ ልጅ የደበቅሽኝ ነገር አለ። ካልነገርሽኝ አላዘውም።»

አማቲቱ ልጃቸውን አያዙ፣ ልጃቸው ሲሊንደር አይከፍት፣ ሲሊንደሩ ውሃ አያሞቅ፣ ውሃው ክዳን አይፈታ፣ አቼቶው ሶዳ አያስነሳ፣ ሶዳው ሽቦ አያግዝ፣ ሽቦው ስብ አይፍቅ፣ ስቡ ኦቨን አይለቅ፣ ትርንጎ ዳቦ አትጋግር!

የትርንጎ ጆሮ ጋለ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ መዝጋት አማራት፤ ግን የአማት ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋትም ያሳፍራታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እማማ... ዳቦው የእኔ አልነበረም። አንዱም። ከዳቦ ቤት ነው የምገዛው። ኦቨኑን ፈርቼው ነው።»

«ከዳቦ ቤት?»

«አዎ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ያ እንጨት የመሰለ ዳቦ የአንቺ እጅ ሥራ መስሎኝ እኮ ስምንት ዓመት ተሳቀቅሁልሽ! አንድ ጉርሻ አልዋጥኩለትም። ለዶሮዎቼ ነው የምበትነው፤ አሁንማ እነሱም ፎጣውን ሲያዩ ይሸሻሉ። ነገ ልማር የምመጣ መሰለሽ? ‹አይጣፍጥም› ማለት አፍሬ፣ በዘዴ ላሳይሽ ነበር እንጂ! በይ ስልኩን ለዚያ ለተጋደመው ስጪው።»

አማቲቱ ልጃቸውን አዘዙ፣ ልጃቸው ሲሊንደሩን ከፈተ፣ ሲሊንደሩ ውሃውን አሞቀ፣ ውሃው ክዳኑን ፈታ፣ አቼቶው ሶዳውን አስነሳ፣ ሶዳው ሽቦውን አገዘ፣ ሽቦው ስቡን ፋቀ፣ ስቡም እየተራገመ ኦቨኑን ለቀቀ።

እሑድ ዕለት ትርንጎ በገዛ ኦቨኗ አንድ ዳቦ ጋገረች። በአንድ በኩል አርሯል፣ በሌላው በኩል ገርጥቷል። እማማ ደብሪቱ ቆርሰው ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ይሄስ ያንቺ ነው» አሉ።

«በምን አወቁ፣ እማማ?»

«መሃሉ ጥሬ ነው» አሉና ሌላ ቆረሱ።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ ግን አልልም፤ እስኪበስል ትንሽ ይቆይ።