ቦይ የቆፈረው ሰው

አዲስ ያገባ አንድ ጎልማሳ ሽማግሌው አያ ደምለው ደጅ መጥቶ ተቀመጠ።

«አያ ደምለው፣ ሚስቴን ሳላገባት ‹ምላሷ እሾህ ነው፤ ወንድሞቿ እንኳ ይፈሯታል› ሲሏት እሰማ ነበር። እኔ ቤት ከገባች ግን ይኸው ዓመት ሊሞላት ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣትም። የቱ ነው የእውነት ጠባይዋ? አንድ ቀን ሆን ብዬ ላናድዳትና ልያት እያልኩ ነው። ምን ይሉኛል?»

ሽማግሌው እንዲህ ሲል ጀመረ።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከረግረግ ዳር ነው። ረግረጉ ውስጥ መላጣ ጽድ የሚሉት ዛፍ ይበቅላል። መልኩ ጽድ ነው፤ በጋ ሲገባ ግን ቅጠሉን አራግፎ መላጣውን ይቆማል። ከሁሉ የሚገርመው ሥሩ ነው፤ በዛፉ ዙሪያ ከውሃው ሽቅብ ወጥቶ እንደ ችካል ተገትሮ ይታያል። ሰውየው ከብት ሊያጠጣ በወረደ ቁጥር «ይኼ ነገር ለምን ይሆን?» ይላል። የሚመልስለት የለም።

አንዱን ችግኝ ነቅሎ ደጁ ተከለው። ዛፉ አደገ፤ ጥላው ግቢውን ሞላ። ችካል ግን አላወጣም። ግርጌው እንደ መዳፍ ልሙጥ ነው።

ሰውየውን ከነከነው። በነጋ በጠባ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ይዳብሳል።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ችካሉ።»

«እንቅፋት አማረህ? ጥላ ሰጠህ አይደል? ተወው እባክህ!»

አልተወውም። ከላይ ካለው ወንዝ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ደጁ ላይ አስተኛው። ዛፉ ምንም አልሆነም፤ ውሃ ያውቃል። ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ አንድ ችካል ከውሃው ብቅ አለ፤ ቆይቶም ሌላ። ሰውየው በደስታ «ነይ እዪ! ነይ እዪ!» እያለ ሲጣራ፣ ከኋላው የቤቱ ግድግዳ ዷ ብሎ ተናደ። ለካ ውሃው ምሰሶውን ከሥር ከሥር ሲያበሰብሰው ኖሯል።

ሚስቱ ከጓሮ ብቅ አለችና የፈረሰውን ቤት አየች።

«አየሁት» አለችው።

አያ ደምለው ወደ ጎልማሳው ዞረ።

«ልጄ፣ ዛፉ በውሃም በደረቅም ያው ነው። ሚስትህም የአባቷ ቤት ረግረግ ሆኖባት፣ ላለመውደቅ ችካል አወጣች። አንተ ደረቅ መሬት ላይ ተከልካት፤ ታዲያ ምን ልታደርግበት ታውጣው? ጥላዋ ሥር ተቀመጥ። ቦይ እንዳትቆፍር።»