ወይራዋ፣ አጋሟ እና እሾህ የፈራው ገመድ

በሉ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ ተረት ይዣለሁ። «ይምጣ» በሉኛ! ይምጣ ካላችሁ መጣ።

ዱሮ ዱሮ፣ ዛፍ ሲናገር ገመድ በሚመልስበት ዘመን፣ አንድ ራሰ በራ ጉብታ ነበር። በጉብታው አናት ላይ አንዲት አሮጊት ወይራ ቆማለች። ከእሷ ሌላ ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ከእሷ ወረድ ብላ ደግሞ አንዲት አጋም ነበረች፤ ሰፊ፣ ጥቅጥቅ ያለች፣ እሾኋ እርስ በርሱ የተቆላለፈ።

ወይራዋ ኩሩ ነበረች። እናቷ የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ሆናለች፤ አክስቷ የዳኛ ከዘራ ሆናለች። እሷ ግን ልጅ አልነበራትም። በየዓመቱ ታፈራለች፤ በየዓመቱ ታረግፋለች፤ በየዓመቱ ዙሪያዋን ብታይ ቡቃያ የለም። መንደር የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ በሌላት ላይ ምላስ አይደክምም። መካኒቱ ወይራ ይሏት ጀመር።

አጋሟ በየማለዳው፣ «እንዴት አደሩ፣ እሜቴ?» ትላታለች።

ወይራዋ ወደ ሰማይ እያየች፣ «ደህና» ትላለች። ከዚያ ለራሷ፣ «የእሾህ ጎሬ ከመቼ ወዲህ ነው ሰላምታ የተማረው?» ትላለች፤ ለራሷ ትበል እንጂ ጉብታው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው።

አንድ ቀን የመንደሩ ጭቃ ሹም ጓንጉል ሆዱ እየቀደመው ጉብታውን ወጣ። ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ።

«ይህ መሬት ሞቷል» አለ። «መንጥረን ገብስ እንዝራበት። አሮጊቷም ለቤቴ ምሰሶ ትሁን።»

የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን፣ «አትቸኩል» አሉት። «ዛፉ ልጅ ካለው መሬቱ አልሞተም። ሦስት መስከረም ይቆጠር። በሦስተኛው አንድ የወይራ ቡቃያ ከተገኘ ጉብታው ይከለል። ካልተገኘ ምሳርህን ሳል።»

ቆጣሪዋ ተዋቡ ሆነች። ተዋቡ ሣርን ሁሉ በየስሙ የምታውቅ ሴት ናት። አራት ካስማና አንድ የቃጫ ገመድ አላት። ካስማዎቹን በአራት ማዕዘን ትተክላለች፣ ገመዱን ዙሪያቸውን ትወጥራለች፣ በገመዱ ውስጥ የበቀለውን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ከዚያ ነቅላ፣ ወረድ ብላ እንደገና። በዓመቱ ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና።

ጓንጉል ሳቀባት። «እቴ ተዋቡ፣ ሰው በግ ይቆጥራል፤ አንቺ ሣር ትቆጥሪያለሽ?»

«በግህ የሚበላውን ነው የምቆጥረው» አለችው።

የመጀመሪያው መስከረም መጣ። ተዋቡ ቆጠረች። ሰርዶ፣ ይህን ያህል። ሰንበሌጥ፣ ይህን ያህል። እሬት፣ ሁለት። እየወረደች እየወረደች አጋሟ ዘንድ ስትደርስ ገመዱ ሸሸ።

«እዚህስ አልገባም!» አለ። «ቃጫዬ አዲስ ነው፤ ይቧጨራል። ዞር ብዬ ልለፍ።»

ወይራዋም ከላይ ሆና፣ «ይዙር እንጂ! እዚያ ምን አለ? እሾህ በእሾህ ላይ!» አለች።

ተዋቡም ቀሚሷን አየች። ቀሚሷ የዓመት በዓል ነው። «እውነት ነው፣ እዚያ ምን ይኖራል» አለችና ዞረች። ብልህም ሴት ብትሆን ቀሚስ ትወዳለች። የወይራ ልጅ፦ የለም።

ሁለተኛው መስከረም መጣ። ሰርዶ፣ ይህን ያህል። ሰንበሌጥ፣ ይህን ያህል። አጋሟ ዘንድ ሲደርሱ ገመዱ ዞረ፤ ወይራዋ «ይዙር» አለች፤ ተዋቡ ቀሚሷን ሰበሰበች።

አጋሟ፣ «እህ! እህ! እህህ!» አለች።

ወይራዋ፣ «ሳል ካለብሽ ወደዚያ ዞረሽ ሳዪ!» አለቻት።

የወይራ ልጅ፦ የለም።

ሦስተኛው መስከረም ሳይደርስ ጓንጉል ምሳሩን ይዞ መጣና ግንዷን በክንዱ ለካ። ምሳሩም አንገቱን አስግጎ፣ «እሜቴ፣ ጎንዎ ሁለት ክንድ ተኩል ነው። አይጨነቁ፤ እኔ ስቆርጥ አላሰቃይም» አላት። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያስፈራት።

ጓንጉል ሲሄድ ወይራዋ ዙሪያዋን አየች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችውን ያን ዕለት ጠየቀች።

«ፀሐይ ሆይ፣ ልጆቼን የት አደረስሻቸው?»

ፀሐይ፣ «ሜዳ ላይ የወደቁትን አቃጠልኳቸው» አለች። «ምን ላድርግ? ጥላ የላቸውም።»

«ፍየሊት ሆይ፣ ልጆቼን የት አደረስሻቸው?»

ፍየሊት እያመነዠከች፣ «ከጥላሽ ሥር የበቀሉትን በላኋቸው» አለች። «ደግሞ ቆጣ አትበዪብኝ፤ ነይ ከጥላዬ እረፊ ያልሽኝ ራስሽ ነሽ! እኔ ያልበላሁት አንድ ቦታ ያለውን ብቻ ነው። አፌን ሳስገባ አፍንጫዬን ወጋኝ፤ ይኸው ጠባሳው።»

«የት ነው እሱ?»

ፍየሊት በጢሟ ወደ አጋሟ ጠቆመች።

 ወይራዋ አንድ ቀን ሰማይ ሰማዩን አየች። ሁለተኛውንም ቀን ሰማይ ሰማዩን አየች። ኩራት እንደ ድንጋይ ነው፤ ሲውጡትም ያንቃል፣ ሲተፉትም ያንቃል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«እንዴት አደርሽ፣ አጋም?»

አጋሟ ቅጠሏ ሁሉ ቆመ። «እኔን ነው?»

«አንቺን ነው። ልጆቼ አንቺ ዘንድ አሉ?»

«ሰባት ናቸው» አለች አጋሟ። «ትልቁ ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ወፎቹ ምሳቸውን እርስዎ ዘንድ ይበላሉ፣ ኩሳቸውን እኔ ዘንድ ይጥላሉ። ፍሬው ከኩሱ ጋር ይወድቃል። እኔ ደግሞ ጥላ አለኝ፣ የረገፈ ቅጠል አለኝ፣ ፍየል የሚመልስ እሾህ አለኝ። አደጉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳልኩ አይደል? ዞረሽ ሳዪ አሉኝ።»

 ወይራዋ፣ «በደልኩሽ» አለች።

«በድለውኛል» አለች አጋሟ። «አሁን ከይቅርታው በፊት ገመዱን ያስገቡልኝ። ጓንጉል እኔን አያምንም፤ ቁጥር ነው የሚያምነው።»

ሦስተኛው መስከረም መጣ። ጓንጉል ምሳሩን ተሸክሞ፣ ሁለት በሬዎች ከነሞፈራቸው አስከትሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ መጡ። ፍየሊትም ማንም ሳይጠራት መጣች። ተዋቡ ከላይ ጀምራ ቆጠረች። ሰርዶ፣ ይህን ያህል። ሰንበሌጥ፣ ይህን ያህል። የወይራ ልጅ፣ የለም። የለም። የለም። አጋሟ ዘንድ ሲደርሱ ገመዱ እንደ ልማዱ ሊዞር ሲል፣

«ግባ!» የሚል ድምፅ ጉብታውን አናወጠው። ወይራዋ ናት። «አትግባ ያልኩ እኔ ነኝ። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። እናንተ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆጠራችሁት የማይወጋውን ብቻ ነው!»

ተዋቡ ደነገጠች። አፈረችም። «እውነቷን ነው» አለች፤ «ቀሚሴ ከቆጠራው በለጠብኝ።» ያን ዕለት እንኳ የሥራ ቀሚሷን ነበር የለበሰችው፤ ሊያዞራት የነበረው ልማድ ነው። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ካስማዎቹን ከአጋሟ ወዲያና ወዲህ ቸከለች።

ገመዱ፣ «ቃጫዬ!» አለ።

«ቃጫህ ይበጠስ!» ብላ በእሾሁ መካከል ጎተተችው። እየጮኸ ገባ። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። እሾሁ ወጋት፤ ደሟ ወረደ። እጇ ለስላሳ ነገር ነካ።

«አንድ!» አለች። እጇን ጠለቅ አድርጋ ፈለገች። «ሁለት! ሦስት!» ሽማግሌዎቹ ጠጋ አሉ። «አራት፣ አምስት፣ ስድስት…» ፊቷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። «ሰባት! ሰባት የወይራ ልጅ!»

ወይራዋ ነፋስ ሳይኖር ቅጠሏ ሁሉ ተርገበገበ።

ጓንጉል ራሱን እያከከ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነው እንጂ። ልቡ ራራ።

«አይ ሕፃናት!» አለ። «ይህ እሾህ አፍኗቸዋል። ቆይ መንጥሬላቸው ይተንፍሱ!» ምሳሩንም አነሳ።

«ተው!» ብላ ወይራዋ ጮኸች።

ተዋቡ ግን አልጮኸችም። «ጋሼ ጓንጉል» አለችው ቀስ ብላ፣ «እስቲ ዞር ብለህ ፍየሊትን እያት።»

ጓንጉል ዞረ። ፍየሊት ከጀርባው ቆማለች። ዓይኗ ሰባቱ ላይ ነው፤ ምላሷ ከንፈሯ ላይ ነው።

«አንተን ነው የምትጠብቀው» አለችው ተዋቡ። «እሾሁን እስክታነሳላት።»

ጓንጉል ፍየሊትን አየ። ቡቃያዎቹን አየ። ምሳሩን ቀስ ብሎ አወረደ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ በሬዎቹም ተመለሱ። ጉብታው ያን ዕለት ተከለለ። ፍየሊት ክልል የሚባለው ቃል አልገባትም፤ እሾህ ግን ይገባታል።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ሰባቱ አደጉ። ከአጋሟ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፣ ከዚያ በላይዋ ወጡ፣ ከዚያ ጥላቸው ወደቀባት። ቅጠሏ ሳሳ፤ አበባዋ ቀነሰ።

አሮጊቷ ወይራ አይታ ልቧ ተነካ። «እህቴ» አለቻት፣ «ልጆቼ ፀሐይሽን ነጠቁሽ። ጎንበስ በሉ ልበላቸው?»

«ተያቸው» አለች አጋሟ። «ያሳደግኋቸው እንዲያድጉ ነው። የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ሲል፣ አንድ ቀን በላዬ እንደሚቆም አውቄው ነበር።»

«ታዲያ አንቺስ?»

«አንቺ ሁልጊዜ ሽቅብ ነው የምታዪ። እስቲ ወደ ዳር እዪ።»

ወይራዋ አየች። ወፎቹ የአጋሟንም ፍሬ ሲበሉ ኖረዋል፤ ቁልቁል እስከ ራሰ በራው ጫፍ ድረስ ወጣት አጋሞች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል። ተዋቡ ሽበት አውጥታ፣ ካስማዋን ይዛ እዚያ ናት። ገመዱ ተቧጭሯል፤ ዛሬ ማንም ሳይጎትተው መጀመሪያ የሚገባው እሾሁ ውስጥ ነው። ተዋቡ ከአንዷ አጋም ሥር ተንበርክካ እጇን አስገባች።

«አንድ የወይራ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ እጇን ይበልጥ አስገባች። ከዚያ ከበፊቱ ከፍ ባለ ድምፅ፣ «አንድ ደግሞ የጽድ!»

በዚያ ጉብታ ላይ ጽድ ያየ ሰው በሕይወት አልነበረም።

እንግዲህ እኔ አወረድኩ፣ እናንተ ተሸከሙ። እሾህ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ እጁን ሳያስገባ «የለም» የሚል ግን የገዛ ልጁን ይመነጥራል።