ሐይቁ ሲሸሽ

አንድ ጊዜ፣ በደቡብ ቆላ ሐይቅ ዳር የምትኖር አህዪት መርዶ መጣባት። ገና ሲነጋ ጅግራዎች ደጇ ተሰብስበው ባሏ ከገበያ ሲመለስ ከነጭነቱ ገደል መግባቱን ነገሯት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ጠዋት ትንሽ ይበርዳል፤ ረፋዱ ላይ ይሞቃል። ግራሩ አብቧል። ከሰሜን የመጡት ራዛ ወፎች በቀጫጭን እግራቸው ሐይቁ ዳር ቆመዋል። በየዓመቱ ይህን ሁሉ ቀድሞ አይቶ የሚነግራት ባሏ ነበር። ዘንድሮ ብቻዋን አየችው።

ሰልስቱ ሳይደርስ አያ ጅቦና ቀበሮ ለቅሶ መጡ። ጅቡ እንባ አልነበረውም፤ ለሃጩ ግን ይዝረበረባል። ዓይኑን አጠገቧ ከቆመው ውርንጭላዋ ላይ አላነሣም።

«እመት አህዪት፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው» አለ። «መቼም አስተዛዛኝ ሳይበላ አይሄድም።»

«አያ ጅቦ፣ ያገሩን ወግ ረሳኸው? ለሐዘን ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው። እኔ አፌ ሣር ከነካ ቆየ።»

ቀበሮ ጅቡን ወደ ጎን ሳብ አደረገው። «እውነቷን እኮ ነው። ባዶ እጅህን ለቅሶ ደርሰህ ባለሐዘኗን ብትበላ አገር ምን ይልሃል? ደግሞስ ከሲታ አህያ ምን ታጠግባለች? ሣር አምጣላትና ትወፍርልን። እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቅልሃለሁ።»

ጅቡ ወደ አህዪት ተመለሰ። «ለምለም ሣር የት አለ?»

«ሐይቁ በሸሸበት ዳር። ሟቹ ግን ይል ነበር፣ በታኅሣሥ ጭቃው ከላይ ይደርቃል፣ ከሥሩ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ ሮጠ።

ዳር ሲደርስ ራዛዎቹን አየና «እነዚህ ከቆሙ እኔ ምን ያቅተኛል» አለ። የደረቀው የጭቃ ቅርፊት ለጥቂት ጊዜ ቻለው። ሣሩን ሊነጭ ጎንበስ ሲል ግን ተሰነጠቀና እስከ ደረቱ ዋጠው።

«ቀበሮ፣ ድረስልኝ!»

ቀበሮ ከሩቅ አየው። «ይቅርታህን፣ አያ ጅቦ። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ አልችልም» ብሎ ወደ ጫካው ገባ። ቀስ በቀስ የጅቡ ድምፅ ጠፋ። ራዛዎቹ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቆሙ።

አህዪት ውርንጭላዋን አስጠግታ የጀመረችውን ጨረሰች። «...ከሥሩ ግን ማጥ ነው፤ ከወፍ እግር በቀር ሌላ አይሸከምም። ጉማሬ በደለደለው መንገድ ብቻ ሂዱ ይል ነበር አባትህ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሟች በሕይወቱ ያስተዋለው ነገር ካልተረሳ ለልጆቹ አጥር እንደሚሆን ነውና፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለዚያ አባት ነፍስ ይማር በሉለት።