የጓንጉል ለምድ

በአንድ ወቅት፣ የጉምራ ዋርካ ገና ሳይቆረጥ፣ የአገሩ ገዢ ማንንም ሳያማክር ነጋሪት እያስጎሰመ ሰዉን ለግብርና ለዘመቻ ይነዳው ነበር። ፊታውራሪ ጓንጉል ተነሣና፣ «በአባቶቻችን ሥርዓት፣ ሽማግሌ ዋርካው ሥር ሳይቀመጥ ነጋሪት አይጎሰምም!» አለ። ሰዉ ከየጎጡ ግልብጥ ብሎ ወጣለት። ገዢው ሸሸ፤ የዋርካ ወገን የተባሉት የጓንጉል ሰዎች አገሩን ያዙ።

ብዙ ዘመን ሥርዓቱን ጠበቁ። አንድ የአጨዳ ሰሞን ግን፣ ሽማግሌዎቹ በየማሳቸው ተበትነው ሳለ፣ የወንዝ ማዶው ደጃዝማች ጦሩን ይዞ መሻገሪያው ላይ ደረሰ።

«ይጎሰም!» አለ የጓንጉል ታናሽ ወንድም ብጡል።

«በመጀመሪያ ሽማግሌ ጥሩ» አለ ጓንጉል።

«እነሱ እስኪመጡ እኛ የለንም እኮ!»

ብጡል መምቻውን ነጥቆ ጎሰመ። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ አምባው ላይ ወጥቶ ተረፈ።

ሁለተኛው ወንድም ተድላ ነጋሪቱን አልነካም። ከጓንጉል ጋር ወርዶ መሻገሪያውን ያዘ። እዚያ ጓንጉል ወደቀ፤ ተድላም ቀኝ እጁን አጣ።

ሦስተኛው እንግዳሸት አልተዋጋም። በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃዝማቹ እግር ላይ ወደቀ። ሰው ከርስቱ እንዳይነቀል ቃል አስገባ፤ የወንድሙንም አስከሬን አስመለሰ። ደጃዝማቹ ግን፣ «ሥርዓታችሁንማ ራሳችሁ አፈረሳችሁት» ብሎ ሳቀና ዋርካውን አስቆረጠ።

ተዝካሩ ደረሰ። በዚያ አገር የሟችን ለምድ ሚስቱ ለተተኪው ታለብሳለች፤ የለበሰውም ከወገኑ የተረፈውን ይመራል። የጓንጉል ሚስት ወይዘሮ የውብዳር መቀመጥ አቃታት። ለምዱን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። አንገትጌው አሁንም የጓንጉልን ላብ ይሸታል።

«እትዬ፣ እዚህ የቆመው ሁሉ የኔን ነጋሪት ሰምቶ የተረፈ ነው» አለ ብጡል።

«ሥርዓቱን አፍርሰህ ወንድማችንን ከጦሩ በፊት የገደልከውስ አንተ አይደለህ?» አለ ተድላ።

«ባንተ ጀግንነት ደግሞ ማን ዳነ?» አለ እንግዳሸት።

«አንተ ዝም በል፣ ባለድንጋይ!» አለ ተድላ።

«ባለድንጋዩ ባይኖር ምን ትቀብሩ ነበር?»

የውብዳር ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። ልጆቿ ያሉት በብጡል ነው። ባሏ ሲሞት ብቻውን ያልነበረው በተድላ ነው። ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር ያላት በእንግዳሸት ነው። ጓንጉል ቢጠየቅ ሥርዓቱን የጠበቀውን እንደሚል ታውቃለች፤ ይህም አላሳረፋትም፣ የገደለው ያው መልሱ ነዋ።

ለምዱን ታቅፋ ቆማለች። ሰዉ እጇን እጇን ያያል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ለማን ታልብሰው?