ያጠረች እጅ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። በአገሩ በቁመት የሚስተካከለው አልነበረም፤ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል መሰላል አይፈልግም፣ እጁን መዘርጋት ይበቃዋል።

አንድ ክረምት ከልጁ ጋር ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ መጣና ልጁን ከጎኑ ነጠቀው። ሰውየው በአንድ እጁ የዛፍ ሥር ይዞ ሌላውን ሰደደ። አልደረሰበትም። የልጁን ጣቶች አየ፤ ከዚያ በኋላ ያየው ውኃውን ብቻ ነው።

በለቅሶው ቀን ዓይኑ ደረቅ ነበር። ከዚያም በኋላ እንባ አልወጣውም። የሰው አፍ መቼም አያርፍምና አንድ ጎረቤቱ፣ «ያ ቀፎ የሚሰቅል እጅ ለልጁ ሲሆን አጠረ?» አለ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጆሮው ገባ። እሱም ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ሰባት ዓመት አለፈ። የደብሩ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ፣ ገበሬው ልጁ በተወለደ ጊዜ የተከላቸውን ጽዶች ቆርጦ ለጣሪያው ሰጠ። በዚያ አገር ልማድ እንዲህ የሰጠ ሰው ምስሉ ከቅዱሳኑ በታች በግድግዳው ግርጌ ይሣላል። ሠዓሊው ከሩቅ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

«እንዴት አድርጌ ልሣልህ?» አለው።

«እንደሆንሁት።»

«ምን ሆንህ?»

በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ገበሬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ነገረው።

ሥዕሉ አልቆ መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ወንዙ ቀይ ነው፤ ከተራራው በላይ ቆሟል። ዳር ላይ ያለው ሰው እንደ ጽድ ረዝሟል። ወደ ውኃው የዘረጋት እጁ ግን የጨቅላ ሕፃን እጅ ታህላለች።

«ለዋለልን ውለታ ምላሹ ይኸ ነው? ሽባ አደረግኸው እኮ» አሉ የደብሩ አለቃ።

«ቀለሙ ያለቀበት እጁ ላይ ሲደርስ ነው መሰለኝ» አለ ያ ጎረቤት።

ኖራ ይቀባበት ተባለ። ኖራውም ተበጠበጠ። ሠዓሊው አልተከራከረም። «ባለቤቱ ይየውና» አለ ብቻ።

ገበሬው ተጠርቶ መጣ። ብዙ ቆሞ አየ። ከዚያ ያን ረጅም እጁን ዘርግቶ ትንሿ እጅ ላይ አሳረፈው። መዳፉ ሸፈናት።

«የዚያን ቀን ይህችን ታህል ነበረች» አለ። «እኔ ብቻ ነበርሁ የማውቃት።»

ሰባት ዓመት የዘገየው እንባ ያኔ መጣ። ጎረቤቱም አቀርቅሮ የኖራውን ባልዲ አነሣና ይዞት ወጣ።

የሥዕል መምህሩ ይህን ተናግረው ጥያቄ ወዳቀረበችላቸው ተማሪያቸው ዞሩ።

«እማዋይሽ ልጄ፣ በሥዕል መጽሐፉ ላይ አረንጓዴ ፊትና የዘመመ ቤት አይተሽ፣ ‹ኤክስፕረሽኒዝም የሚሉት ይኸ ነው? እነዚህ ሰዎች መሣል አይችሉም ነበር?› አልሽኝ። ይችሉ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር የተነሡት ሠዓሊዎች፣ ሰው ምን ይመስላል ማለቱን ትተው ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ገጣሚዎቹም ዓረፍተ ነገሩን ሰባብረው እንደ ጩኸት አወጡት። በቴአትራቸው ብዙ ጊዜ ሰው ስም እንኳ የለውም፤ አባት፣ ልጅ ብቻ ይባላል፣ ኀዘኑ የተመልካቹም እንዲሆን። እኔም ለገበሬዬ ስም ያላወጣሁለት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ጠማማ ሥዕል ስታዪ ሠዓሊውን ከመንቀፍሽ በፊት፣ የተሣለውን ሰው ‹ምን ሆንህ?› በዪው። ኖራ መበጥበጥማ ለማንም አይከብድም።»