አውራ ዶሮ የዋጠው ጩኸት

ይህ የሆነው የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ የሌላችሁም ከጎረቤት ተዋሱ።

በገደል ሥር አንድ የግልገሎች ትምህርት ቤት ነበር። ጃርት የሚበላ ሥር መፈለግን፣ ንብ መልካሙን ቅጠል ከመርዛማው መለየትን፣ ሰስ ደግሞ ከቋጥኝ ቋጥኝ መዝለልን ያስተምሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ነብር ከቆላ ስለሚወጣ፣ መዝለል ያልቻለ ግልገል አይተርፍም።

አዲሱ ርዕሰ መምህር አውራ ዶሮ በግቢው ሾላ ዛፍ ላይ ሆኖ አወጀ፦ «ስጮኽ ትጀምራላችሁ፤ ስጮኽ ታቆማላችሁ!»

ጃርት ቀረበ። «አያ አውራ ዶሮ፣ ግልገሎቹ ሥሩን ገና ሳያገኙት አስቆሙን።»

«ጮኼያለሁ!»

ንብ ቀረበች። «አያ አውራ ዶሮ፣ አንዷ ግልገል መርዛማውን ቅጠል አፏ ውስጥ እንደያዘች አስቆሙን።»

«ጮኼያለሁ!»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መምህራን አላረፈዱም፤ ጥያቄም አልተቀበሉም። ጩኸቱ ሲሰማ ጃርት የጀመረውን ዐረፍተ ነገር አንጠልጥሎት ይሄዳል። አውራ ዶሮም «ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ደረቱን ነፋ።

ሰስ ግን አቤቱታ አላቀረበችም። «ነገ ገደሉ ላይ ይምጡ» አለችው።

«ከዚሁ ይታየኛል።»

«ከዚህ የሚደርሰው ጩኸትዎ እንጂ ዓይንዎ አይደለም። ወይስ ከፍታ ይፈራሉ?»

ጃርት ሳቁን ለመደበቅ እሾሁን አንኳኳ። አውራ ዶሮም ተናዶ «እመጣለሁ!» አለ።

በማግስቱ ቦቃ የምትባል ግልገል በቋጥኙ ጠርዝ ቆመች። ሦስት ጊዜ ተንደርድራ፣ ሦስት ጊዜ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ተመለሰች።

«እዚሁ ነኝ፤ እስክትዘልዪ አልሄድም» አለቻት ሰስ።

የማቆሚያው ሰዓት ደረሰ። ገደሉ ላይ የመጣው አውራ ዶሮ አንገቱን መዘዘ፤ ምንቃሩን ከፈተ። ሰስ አየችው፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም። እሱም ገደሉን አየ፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን ግልገል አየ። ቢጮኽ ትደነግጣለች፤ ብትደነግጥ ትወድቃለች።

ጩኸቱን ዋጠው። ቦቃም ዘለለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውራ ዶሮ ማቆሚያውን ከመጮኹ በፊት ከሾላው እየወረደ «ምን ቀራችሁ?» ይል ጀመር። ጃርት ማንም ሳያዘው ማምሸት ጀመረ፤ ንብም አንዲት ግልገል ቅጠሉን ሳትለይ ወደ ቀፎዋ አልተመለሰችም። ክረምት ገባ፤ ነብር ወጣ፤ ከቋጥኙ ሥርም ሽቅብ እንዳንጋጠጠ ዋለ።

መምህርን በጩኸት ወደ ክፍል ማስገባት ይቻላል፤ ልቡ የሚገባው ግን አለቃው ቀርቦ ድካሙን ሲያይለት ነው።

ቦቃ አርጅታ ሳለች፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሰስ ያን ዕለት ጠዋት እዚያ ልታስተምር ከማዶው ተራራ ትምህርት ቤት ጋር ተስማምታ ነበር። ያ ጩኸት ቢሰማ ኖሮ፣ ቦቃን ከቋጥኙ አሻግራ በዚያው ወደ ማዶ ልትሄድ ቆርጣ ነበር።